መብራቱን ከብርሃኑ ጀምሪው

ልጄ፣ በሌዘር የሚቆረጥ የእንጨትና የአክሪሊክ ጌጠኛ መብራት እየሠራሽ ለመሸጥ ማሰብሽን እናትሽ ነገረችኝ። የላክሽልኝን ሥዕልም ደጋግሜ አየሁት። ያምራል፤ እጅሽ የተባረከ ነው። ነገር ግን ከሥዕሉ በፊት መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ አለ። ይህ መብራት ማታ ሲበራ ምን እንዲሠራ ነው የምትፈልጊው? ጌጡ ግድግዳና ኮርኒስ ላይ ጥላ ሆኖ እንዲበተን ነው? እሱ ራሱ ለስለስ ባለ ብርሃን ተሞልቶ እንዲታይ ነው? ወይስ አንድ ስም ወይም አንድ ምስል በጨለማ ውስጥ ብቻውን እንዲፈካ ነው? ሦስቱ ሦስት የተለያዩ መብራቶች ናቸው። ውስጣቸው የሚገባው ኤልኢዲ ይለያያል፣ የእንጨቱ ቀዳዳ ይለያያል፣ አክሪሊኩም ይለያያል። ሁሉንም ባንድ ዕቃ ላይ ልያዝ ያለ ሰው አንዱንም አይዝም።

ይህን አጥብቄ የምነግርሽ ማሽኑ ሰውን ስለሚያባብል ነው። እኔ የማስታወቂያ ሥራ ስጀምር ፊደል የምንቆርጠው በእጅ መጋዝ ነበር። አንድ «መ» ቆርጦ ለማውጣት ብዙ ላብ ይፈስ ስለነበር ማንም የማያስፈልግ ቀዳዳ አይበሳም። ዛሬ ሌዘሩ ሺህ ቀዳዳ ቢበሳ አይደክመውም። ስለዚህ ልጆቹ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጠው እንደ ዳንቴል የረቀቀ ነገር ይስላሉ። ቀን ጠረጴዛ ላይ አድርገው ሲያዩት ደስ ይላቸዋል፤ ማታ ሲያበሩት ግን ግድግዳው ላይ ደብዛዛ ግራጫ ነገር ብቻ ይወርዳል። ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ቁጭ ብሎ ማስላት ይቻላል፤ ሒሳቡም ቀላል ነው።

የብርሃኑ ምንጭ ከእንጨቱ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ግድግዳው ደግሞ ከምንጩ 1 ሜትር ይራቅ እንበል። ያን ጊዜ እንጨቱ ላይ ያለው ጌጥ ግድግዳው ላይ ዐሥር እጥፍ ሆኖ ያርፋል፤ የ2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ 2 ሳንቲ ሜትር ብርሃን ይሆናል። ምንጩ ግን ራሱ ስፋት አለው። 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ኤልኢዲ ብታስገቢ፣ አምስቱን ሚሊ ሜትር ከእንጨቱ እስከ ግድግዳው ባለው 90 ሳንቲ ሜትር አባዢና ከምንጩ እስከ እንጨቱ ባለው 10 ሳንቲ ሜትር አካፍዪው። 4.5 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። የእያንዳንዱ ጥላ ጠርዝ ይህን ያህል ይደበዝዛል ማለት ነው። 2 ሳንቲ ሜትር የሆነው ብርሃን ከራሱ በሚበልጥ ድብዛዜ ውስጥ ገብቶ ከጎረቤቱ ጋር ይቀላቀላል፤ የደከምሽበት ጌጥ ጠፋ። ሱቅ የሚሸጠውን የተለመደውን ክብ አምፖል ብታስገቢ ደግሞ ምንጩ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚሰፋ ጭራሽ ምንም አይታይም።

ስለዚህ ጥላ የሚጥል መብራት ከፈለግሽ ቀዳዳዎቹን አሳንሺ ብዬ አልመክርሽም፤ ቁጥራቸውን ቀንሺና አስፊያቸው። አንድ ብቻዋን የምትሠራ፣ ትንሽ ሆና ኃይለኛ የሆነች ኤልኢዲ መሐል ላይ አስቀምጪ፤ በትንሽ አሉሚኒየም ላይ ትጣበቅ፣ ሙቀቷን የምታስወጣበት ነገር ያስፈልጋታል። ጥቅል ኤልኢዲ ስትሪፕ እዚህ ቦታ የለውም። በስትሪፑ ላይ ያለው እያንዳንዱ ኤልኢዲ የየራሱን ጥላ ስለሚጥል ጥላዎቹ እርስ በርስ ይሰራረዛሉ። እንዲህ ያለው መብራት ላይ ነጭ አክሪሊክም አታልብሺው። ካለበሽው ምንጩ አክሪሊኩ ይሆናል፤ ያ ሁሉ የተቆረጠ ጌጥ ግድግዳው ላይ አይደርስም።

ይምርሃነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሄደሽ ከሆነ መስኮቶቹን አስታውሺ፤ ካልሄድሽም ላሊበላ ስትወርጂ አትለፊው። በዋሻ ውስጥ እንጨትና ድንጋይ እየተደራረበ የተሠራ ነው፤ ያሠራውም ከዛጉዌ ነገሥታት አንዱ የሆነው፣ ስሙን የሰጠው ንጉሥ ነው። መስኮቶቹ ላይ በመስቀል ቅርጽ የተፈለፈለ ሥራ አለ። እነዚያ ጠራቢዎች ቀዳዳውን ከእንጨቱ እኩል አስበውበታል። ከጨለማው ውስጥ ሆነሽ ስታዪው መስቀሉን የሚሠራው ብርሃኑ ነው። ደግሞም ሳይቆረጥ የቀረው ክፍል ሁሉ እርስ በርሱ የተያያዘ ነው፤ አንድም ብቻውን የተንጠለጠለ ነገር የለም። ይህ ሕግ በሌዘርም አይሻርም።

ወደ ፊደላችን ሲመጣማ ይብሳል። «ሰላም» የሚለውን ቃል ከእንጨት ላይ ፈልፍለሽ ብርሃን በፊደሉ እንዲያልፍ ብትፈልጊ፣ «ም» ውስጥ ያሉትን ሁለት ክቦች የሚይዛቸው ነገር ስለሌለ ማሽኑ ሲጨርስ ተነቅለው ይወድቃሉ። «ወ»፣ «ዐ»፣ «ፀ» ሁሉም ሆድ ያላቸው ናቸው። ኃምሶቹ፣ «ሌ»፣ «ቤ»፣ «ቴ»፣ እግራቸው ላይ ትንሽ ቀለበት አለቻቸው። ፊደሉ ሲያንስ ያቺ ቀለበት ውስጧ የቀረው እንጨት ከመጥበቡ የተነሣ ከመውደቁ በፊት ይነዳል፤ ከዚያ «ቤ» ይሁን ሌላ የማይለይ ነገር ይቀራል። መፍትሔው ድልድይ መተው ነው። የእያንዳንዱን ሆድ ላይና ታች ከውጭው እንጨት ጋር የሚያያይዝ፣ ከ2 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ስፋት ያለው ድልድይ ሳዪ። በሁሉም ፊደላት ላይ በአንድ አቅጣጫ ይሁን፤ አንዱ ላይ በላይ፣ ሌላው ላይ በጎን ከሆነ ጽሑፉ የተሰባበረ ይመስላል። ባንድ ወገን ሲሆን ግን ዓይን እንደ አጣጣል ይቀበለዋል። ፊደሉንም ቁመቱ ከ3 ሳንቲ ሜትር አታሳንሺው። ፋይሉን ወደ ማስታወቂያ ቤት ከመውሰድሽ በፊት ደግሞ ጽሑፉን ወደ መስመር ለውጪው፤ እዚያ ያለው ኮምፒውተር ያንቺ ፊደል ከሌለው ባዶ ሣጥኖች ተደርድረው ታገኛለሽ።

ሁለተኛው መብራት ራሱ የሚፈካው ነው። እዚህ የምትፈልጊው ነጩ አክሪሊክ ከዳር እስከ ዳር እኩል እንዲበራ ነው። እኛ ለሱቆች ላይት ቦክስ ስንሠራ የምንለፋው በዚህ ነበር። ያኔ ውስጡ ፍሎረሰንት ነበር፤ በቱቦዎቹ መካከል ጥቁር መስመር እንዳይታይ ሣጥኑን ጥልቅ እናደርገዋለን። ዛሬ ኤልኢዲ ትንሽ ስለሆነች ሰው ሣጥኑን ማቅጠን ጀመረ፣ ነጠብጣቧም ከውጭ መታየት ጀመረች። የምሠራበት ልክ ይህ ነው፤ በኤልኢዲዎቹ መካከል ያለው ርቀትና ከኤልኢዲው እስከ ነጩ አክሪሊክ ያለው ርቀት ቢያንስ እኩል ይሁኑ። በሜትር 60 ያለው ስትሪፕ በየ17 ሚሊ ሜትር ገደማ አንድ ኤልኢዲ አለው። አክሪሊኩ ከዚያ በላይ አይቅረበው፤ 25 ወይም 30 ሚሊ ሜትር ቢርቅ ይበልጥ ያምራል። የሣጥኑን ውስጥ ነጭ ቀቢው፤ ያልተቀባ እንጨት ብርሃን ይበላል። የምትመርጪው ብርሃን ደግሞ ሞቅ ያለው፣ ካርቶኑ ላይ 2700 ወይም 3000 ኬልቪን የሚለው ይሁን። 6500 የሚለው ለቢሮና ለሱቅ እንጂ ሰው ደክሞት ለሚገባበት ቤት አይሆንም።

ዴንማርካዊው ፖል ሄኒንግሰን ከ1920ዎቹ ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) መብራት ሲሠራ ዋናው ጭንቀቱ ሰው ተቀምጦም ቆሞም አምፖሉን በዓይኑ በቀጥታ እንዳያይ ነበር። የሱ መብራቶች እስካሁን ይሸጣሉ። አንቺም ሞዴሉን በካርቶን ሠርተሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪውና ሶፋ ላይ ተቀመጪ፤ ከዚያ ተነሥተሽ ቁሚ። ከየትኛውም በኩል ኤልኢዲዋ ራሷ ዓይንሽን ከወጋችሽ ሥራው አላለቀም። ካርቶን ርካሽ ነው፤ በመቀስ ይቆረጣል፤ የሌዘር ደቂቃ አይፈልግም።

ሦስተኛው፣ ጽሑፍ ወይም ምስል በግልጽ አክሪሊክ ላይ ተቀርጾ ከሥሩ የሚበራው ነው፤ ለሠርግና ለምርቃት ሰው የሚወደው እሱን ነው። እንዴት እንደሚሠራ ከገባሽ ብዙ ድካም ይቀርልሻል። በአክሪሊኩ ጠርዝ የገባ ብርሃን ሰፊውን ገጽ ከውስጥ የሚመታው በጣም አጋድሎ ነው። ለገጹ ቀጥ ካለው መስመር ከ42 ዲግሪ ገደማ በላይ ካጋደለ መውጣት አይችልም፤ ነጥሮ ይመለሳል፣ እየነጠረም እስከ ወዲያኛው ጠርዝ ይሄዳል። ዳንኤል ኮላዶን የተባለ የጄኔቫ ሰው በ1840ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ከቀዳዳ በሚፈስ ውኃ ውስጥ ብርሃን ከውኃው ጋር እየታጠፈ ሲወርድ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ዛሬ ኢንተርኔት የሚያመጣልን የመስታወት ገመድም የሚሠራው በዚሁ ነው። ብርሃኑ የሚያመልጠው ገጹ የሻከረበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ሌዘሩ የቀረጸው ፊደል ሻካራ ስለሆነ እዚያ ላይ ብርሃኑ ይወጣል፤ ሌላው ጨለማ ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ ልብ በይ፤ ብርሃኑ የጭረትና የፊደል ልዩነት አያውቅም። ጥፍርሽ የጫረው፣ አቧራ የፈተገው፣ የጣትሽ ወዝ የነካው ሁሉ ማታ ተራ በተራ ይበራል። ስለዚህ አክሪሊኩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት መብራቱ ተገጣጥሞ እስኪያልቅ አትላጪው፤ የሚቀረጸው ቦታ ብቻ ይነሣ። ስትይዢውም ጠርዙን ያዢ። ቢቆሽሽ ለብ ባለ ውኃ፣ ጥቂት ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል። አልኮል ግን በፍጹም አታስነኪው። ሌዘር ሲቆርጠው ጠርዙ ላይ ሙቀቱ የተወው ውጥረት አለ፤ አልኮል ሲያገኘው ከጠርዙ ወደ ውስጥ ቀጫጭን ስንጥቆች ይዘልቃሉ። እነሱም ይበራሉ።

ቅርጹን በጀርባው በኩል አድርጊ። ለዚያ ሥዕሉ በመስታወት እንደሚታየው ተገልብጦ መቀረጽ አለበት፤ ከፊት ሲያዩት ይስተካከላል። ኤልኢዲው አጠገብ ያለው ክፍል ይበልጥ ስለሚፈካ፣ ወደ ላይ በራቀ ቁጥር ደግሞ እየደከመ ስለሚሄድ፣ ከታች ያለውን ቅርጽ ሳሳ፣ ከላይ ያለውን ጠንከር አድርጊው። በላይኛው ጠርዝ ላይ ብርሃን የሚመልስ የብር ቀለም ፕላስተር መለጠፍም ይረዳል። የአክሪሊኩም ዓይነት ወሳኝ ነው። ፈሳሹ በሁለት መስታወት መካከል ፈስሶ የረጋው፣ ካስት የሚሉት፣ ሲቀረጽ ነጭና ደማቅ ይሆናል። በማሽን ተገፍቶ የወጣው፣ ኤክስትሩድድ የሚሉት፣ ዋጋው ቀለል ይላል፣ ሲቆረጥም ጠርዙ ያብለጨልጫል፤ ሲቀረጽ ግን ፊደሉ ግልጽ ሆኖ ይቀርና መብራቱ ይደበዝዛል። ሻጩ ብዙ ጊዜ ልዩነቱን አይነግርሽም። ከሉሑ ላይ ቁራጭ ለምነሽ አስቀርጪው፤ ወዲያው ይታወቃል።

ባለቀለም አክሪሊክ ስትመርጪ ቀን በፀሐይ አይተሽ አትግዢ፤ የምትጠቀሚበትን ኤልኢዲ ይዘሽ ሂጂና ከጀርባው አብሪበት። ሞቅ ያለው ብርሃን ውስጥ ሰማያዊ ጥቂት ስለሆነ ሰማያዊ አክሪሊክ ከፊቱ ስታደርጊ ይሞታል፤ ቢጫ፣ ብርቱካንና ቀይ ግን ሕይወት ይዘራሉ። አፍሪካ አዳራሽ የሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌን ባለቀለም መስታወት ያየሽ እንደሆነ፣ 150 ካሬ ሜትር ሙሉ ቀለም ከኋላው የቀኑን ብርሃን ይዞ ነው የሚናገረው። ያ ሰው ቀለሙን ሲመርጥ የሚያልፍበትን ብርሃን አብሮ መርጧል። ባየሁት ቁጥር ሥራዬን የሚያስከብረኝ እሱ ነው።

አሁን ወደ እንጨቱ። የምታገኚው በአብዛኛው 3 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ነው፤ እናንተ ፕላይውድ የምትሉት። 3 ነው ይበሉሽ እንጂ በካሊፐር ለክተሽ እመኚ፤ 2.7ም 3.2ም ይሆናል፣ ባንድ ሉህ ላይ እንኳ ከዳርና ከዳር ይለያያል። ሌዘሩም ራሱ የሚበላው ስፋት አለው፤ በዚህ ውፍረት ላይ ብዙውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ አዲስ ሉህ ላይ መጀመሪያ አንዲት ሙከራ ቁራጭ አስቆርጪ። ከ2.6 ጀምሮ በ0.1 እየሰፋ እስከ 3.2 የሚሄድ ስንጥቅ ጎን ለጎን ይኑራት፤ ከሥሩ ቁጥሩ ይቀረጽበት። ከዚያው ሉህ የተቆረጠ ሌላ ቁራጭ ውሰጂና በየስንጥቁ አስገቢው። በእጅሽ ስትገፊው ጠበቅ ብሎ የሚገባበትን ስንጥቅ ቁጥር ሥዕልሽ ላይ ተጠቀሚ። በመዶሻ የሚገባ ኮምፔርሳቶውን ይሰነጥቀዋል፤ ያለ ግፊት የሚገባው ደግሞ ኮላ ብትሞዪበት እንኳ ይላወሳል። ይህቺን ቁራጭ የማያስቆርጥ ሰው ሙሉ ሉህ ያቃጥላል።

ለአክሪሊክ ግን ስንጥቁን ላላ አድርጊለት። አክሪሊክ በሙቀት ይለጠጣል፤ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነው ቁራጭ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር ግማሽ ሚሊ ሜትር ሊጠጋ ይረዝማል። እንጨቱ ደግሞ በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል። ሁለቱን በግድ አጣብቀሽ ብታስሪያቸው አንዱ ይሰነጠቃል፤ የሚሰነጠቀውም አክሪሊኩ ነው። በስንጥቁ ውስጥ እንደልቡ ይቁም፤ መጣበቅ አያስፈልገውም። አንዳንዱ ቸኩሎ በሱፐር ግሉ ያያይዘዋል፤ በማግሥቱ ጠርዙ ዙሪያ ነጭ ጉም ይታያል፣ አይለቅም። አክሪሊክን ከአክሪሊክ ማጣበቅ ሲኖርብሽ በማስታወቂያ ቤቶች የሚያገለግለው ክሎሮፎርም ነው። ይይዛል፤ ትነቱ ግን ራስ ያዞራል፣ ጉበት ይጎዳል። መስኮትና በር ተከፍቶ፣ ጥቂት ብቻ በመርፌ ተወስዶ ይሠራ። ሕፃን ባለበት ቤት ውስጥ አታስቀምጪው።

በዋንዛ መሥራት እፈልጋለሁ ያልሽው ደስ አሰኝቶኛል። የቤት ዕቃውም ከበሮውም ከሱ ሲሠራ የኖረ እንጨት ነው፤ ቀለሙ ከሞቃት ብርሃን ጋር ሲገናኝ የሚያምርበት ሌላ እንጨት አላውቅም። ነገር ግን በደንብ የደረቀ፣ ተልጎ 4 ሚሊ ሜትር የደረሰ ይሁን፤ ርጥብ ከሆነ ከተቆረጠ በኋላ ይጣመማል። ለሙሉ ሣጥኑ ባይበቃሽ እግሩንና ክፈፉን በዋንዛ፣ የሚፈለፈለውን በኮምፔርሳቶ አድርጊ። ረቂቅ ቅርጽ በዋንዛ ስትፈልፍዪ የእንጨቱን ስር አቋርጦ የሚሄድ ቀጭን ድልድይ አትተዪ፤ ይሰበራል።

ማሽኑን በተመለከተ፣ እነዚህ ትላልቆቹ ሌዘሮች ጨረራቸው የሚፈጠረው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ውስጥ ነው፤ ኩማር ፓቴል የተባለ ሕንድ የተወለደ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1964 አሜሪካ ቤል ላብራቶሪ ውስጥ የሠራው ነው። ግልጽ አክሪሊክ ዓይናችን ከሚያየው ብርሃን 92 ከመቶውን ያሳልፋል፤ ለዚህ ጨረር ግን ድፍን ነው፣ ጨረሩን ጠጥቶ ይተናል፤ ለዚህ ነው በንጽሕና የሚቆረጠው። ርካሽ ነው ብለሽ ትንሿን ሰማያዊ ዳዮድ ሌዘር ልትገዢ ካሰብሽ ይህን እወቂ፤ የሷ ብርሃን በግልጹ አክሪሊክ ውስጥ አልፎ ይሄዳል፣ አይቆርጠውም። ቀጭን እንጨትና ጥቁር አክሪሊክ ትሠራለች እንጂ ለሦስተኛው መብራትሽ አትሆንም።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ አስጠነቅቅሻለሁ። ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ በሌዘር አይቆረጥም። አክሪሊክ የሚመስል ነገር ሁሉ አክሪሊክ አይደለም፤ ፒቪሲ ሲቃጠል የሚያወጣው የሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፣ ማሽኑንም ያዝገዋል። ያላወቅሽው ቁራጭ ሲያጋጥምሽ ደጅ ወጥተሽ ፈትኚው፤ ፕላስቲኩ የተላጠ የመዳብ ሽቦ በእሳት አግዪ፣ ቁራጩን ንኪበትና ወደ እሳቱ መልሺው። ነበልባሉ አረንጓዴ ካበራ አታስጠጊው። ማሽኑ እየቆረጠ ደግሞ ጥለሽ አትውጪ፣ ስልክ ለማንሣትም ቢሆን። አክሪሊክ ሲነድ ብዙ አይጨስም፤ ጭስ ሲሸተኝ እደርሳለሁ የሚል ሰው አይደርስም። የእሳት ማጥፊያ በእጅሽ በሚደረስበት ቦታ ይኑር።

መብራት መጥፋቱንም አስቢበት። ሥራው መሐል ላይ ሲቋረጥ ሉሑን አንሥቶ ማየት ያምራል፤ አታንሺው። ከመጀመርሽ በፊት ማሽኑ የተነሣበትን ነጥብ በእርሳስ ምልክት አድርጊ። መብራቱ ሲመለስ መጀመሪያ የማቀዝቀዣው ውኃ መዞሩን እዪ፣ ከዚያ ከዚያው ነጥብ አስጀምሪ። ለዚህም ቅደም ተከተሉ ይጠቅማል፤ መቅረጽ ይቅደም፣ ቀጥሎ የውስጥ ቀዳዳዎች፣ የውጭው መስመር መጨረሻ። የውጭው ቀድሞ ከተቆረጠ ቁራጩ ትንሽ ይንሸራተትና ቀዳዳዎቹ ቦታቸውን ይስታሉ። በደቂቃ የሚያስከፍል ቤት የምታሠሪ ከሆነም ዋጋውን የሚወስነው የመስመሩ ርዝመት መሆኑን አትርሺ፤ ከላይ የነገርኩሽ ትላልቅ ጥቂት ቀዳዳዎች ኪስሽንም ያሳርፋሉ።

ከተቆረጠ በኋላ ጠርዙ ላይ ያለው ጥላሸት በብርጭቆ ወረቀት ለስለስ ተደርጎ ይነሣል፤ እኔ ጥቂት ቡናማነት ብተውበት ይበልጥ ደስ ይለኛል፣ ጌጡን ያጎላዋል። ከመቆረጡ በፊት የወረቀት ፕላስተር ብትለጥፊበት ገጹ ጭስ አይጠጣም። ቫርኒሹን ቀቢና ሽታው እስኪጠፋ አድርቂው። አክሪሊኩ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ የቲነር ትነት ያደበዝዘዋል።

ኤሌክትሪኩ ላይ አልደራደርሽም። 220 ቮልት ወደ እንጨት ሣጥን ውስጥ አይግባ። በ12 ወይም በ5 ቮልት የሚሠራ ስትሪፕ ግዢ፣ አዳፕተሩ ከውጭ ሶኬቱ ላይ ይሁን። ክሩ የሚግለው የድሮው አምፖል አብዛኛውን ኃይል ሙቀት አድርጎ ስለሚያወጣው አክሪሊኩን ያጣምማል፤ አክሪሊክ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ይለሰልሳል። የስትሪፑን ጉልበት አስልተሽ ግዢ። በሜትር 14.4 ዋት የሚለውን አንድ ሜትር ብትጠቀሚ በ12 ስታካፍዪው 1.2 አምፔር ይሆናል፤ ስለዚህ 2 አምፔር የሚል አዳፕተር ይበቃል፣ ሳይግል ይሠራል። ስትሪፑን ምልክት በተደረገበት መስመር ላይ ብቻ ቁረጪ። ሽቦው ከሣጥኑ በሚወጣበት ቦታ ውስጡን ቋጥሪው ወይም በማሠሪያ ያዢው፤ ልጅ እግሩን አስገብቶ ቢጎትተው የሚሳበው ቋጠሮው እንጂ መበየጃው አይሁን። ከታችና ከላይ የአየር መውጫ ተዪለት። በፓወር ባንክ ይሥራ ካልሽም ጥሩ ሐሳብ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ለገዢው ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን አንዳንድ ፓወር ባንኮች የሚወሰድባቸው ኃይል በጣም ሲያንስ ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ ከሚሸጥልሽ ሰው ፊት ለፊት አብርተሽ ጥቂት ቆይተሽ እዪ።

ታችኛውን ክዳን በኮላ አትድፈኚው። አራት ብሎን ይበቃዋል። ኤልኢዲ አንድ ቀን ይሞታል፤ ያን ጊዜ ገዢሽ ብሎኑን ፈትቶ ቀይሮ የሚያበራው ዕቃ ይሁን። የተጣበቀ መብራት ሲጠፋ ቆሻሻ ነው። ከእያንዳንዱ ጋር የስትሪፑን ዓይነትና የአዳፕተሩን ቮልት ከታች በኩል ቀርጸሽ ስጪ፣ ወረቀት ይጠፋል። ዋጋውን ስትተምኚ ደግሞ የሌዘሩንና የዕቃውን ብቻ አትቁጠሪ፤ ሥዕሉን የሳልሽበት፣ ጠርዙን የፈተግሽበት ጊዜ ያንቺ ነው። በርካሽ ጀምረሽ ኋላ መጨመር ከባድ ነው፤ ሰው የለመደውን ዋጋ ይይዛል።

የላክሽልኝን ሥዕል እኔ እንደማየው ጥላ እንዲጥል ያሰብሽው ነው፤ ቀዳዳዎቹ ግን በጣም ጠበዋል፣ ምንጩም አልተወሰነም። በዚያው ሥዕል ላይ መሐል ያለውን መስቀል ብቻ ተዪና አስፊው፣ በዙሪያው ካለው ግማሹን አጥፊ። ከዚያ በካርቶን ቆርጠሽ ሠርተሽው ቅዳሜ ከመሸ በኋላ ቤት ነይ፤ ኤልኢዲዎቹ እኔ ጋ አሉ፣ ሁለት ሦስቱን እየቀያየርን ሳሎኑ ግድግዳ ላይ እናየዋለን። ካሊፐርሽን አትርሺ፤ የተገዛውን ኮምፔርሳቶ ቁራጭም ይዘሽ ነይ።